ከምሳ ዕቃ የተረፈ

ማክሰኞ፣ ማታ

ትናንት የልጆቹን የልደት ወረቀት ስፈልግ የሁለተኛ እርግዝናዬ የክትትል ካርድ ከሣጥኑ ሥር ወጣ። በየቀጠሮው ኪሎዬ ተጽፎበታል፦ 54፣ 57፣ 61፣ መጨረሻ ላይ 65። ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ሁሉ የልጁ ነው። የእሱ ኪሎ በክትባት ካርዱ ላይ ነጥብ በነጥብ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። እኔ አቅፌው ቁሜ ነበር፤ «አንቺስ?» ያለኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም።

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ሚዛን ዘርግቶ ከተቀመጠ ልጅ ዘንድ ወጣሁበት። 70። «እትዬ፣ ቦርሳውን እኮ አላስቀመጡም» አለኝ። አስቀመጥኩ፤ 69። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው፤ ኪሎው ለቁመቴ ካሬ ሲካፈል ወደ 27 ይጠጋል። ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት ይባላል። ጎረቤቶቼ ግን «ተስማማሽ» ነው የሚሉኝ።

አራስ ሳለሁ እናቴ በቅቤ ያራሰችውን ገንፎና አጥሚት ስታቀርብልኝ ነው የወፈርኩት እል ነበር። ውሸቴን ነው። ልጁ ጡት የተወ ሰሞን ታምሜ ሐኪም ቤት ሲመዝኑኝ 57 ነበርኩ። የቀረው 12 ኪሎ በአምስት ዓመት የመጣ ነው። አስልቼዋለሁ፤ በቀን 7 ግራም አይሞላም። ማን ያየዋል? የጥምቀት ቀሚሴ ብቻ አይቶታል፤ ልብስ ሰፊው ጎኑን ሁለት ጊዜ ለቆልኛል።

ትልቋ አፀደ ሕፃናት ስትገባ በእግር ነበር የማደርሳት። የጎንደርን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስመለስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ሁለት ልጅ፣ ሁለት ቦርሳ፣ የሚረፍድ ሥራ፤ ባጃጅ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ምሳ ዕቃው ነው። ማታ ስከፍተው ግማሽ ፓስታ፣ የተነከሰ ዳቦ፣ ከሥሩ የረጠበ ፍርፍር። ምግብ መጣል ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ እቃ ማጠቢያው አጠገብ ቁሜ እበላዋለሁ፤ ቁጭ ብዬ ስላልበላሁት እንደ እራት አልቆጥረውም። ከዚያ ደግሞ እራት አለ።

የሚገርመው በሑዳዴ ይህ ነገር ይቆማል። የልጆቹ የፍስክ ስለሆነ ትራፊው ለእኔ አይሆንም፣ ድመቷ ትወፍራለች። 55 ቀን ሙሉ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ይገባል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ይመለሳል።

ያለ ጾም የከሳሁት አንዴ ነው፤ በ2015 ነሐሴ፣ ከተማው ውስጥ ተኩስ የነበረ ጊዜ። ልጆቹ ቤት ዋሉ፤ እኔም ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ያን ጊዜ ያየኝ ሁሉ «ምነው ከሳሽ?» ይለኝ ነበር፤ ሲጠይቁኝ እንባዬ ይመጣል። ስለዚህ «ወፈርሽ» ሲሉኝ ከልቤ አልከፋም። ሰላም ነሽ ማለታቸው ነው፤ ጉልበቴ ቢያመኝም።

አሁን ልጆቹ ተኝተዋል። የትንሹ ምሳ ዕቃ ተከፍቶ ፊቴ አለ፤ እንቁላል ያለበት ፍርፍር፣ ከግማሽ በላይ። ነገ ረቡዕ ነው።