ጅሬን፦ ሰው የሚገባበት ቤት

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የግቤን ሸለቆ ወርዳችሁ ስትወጡ ሙቀቱ ይለቃችኋል፣ ልምላሜው ይቀበላችኋል። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። የሄድኩት አሮጌ ቤቶች ለማየት ነው፤ ልቤም እነሱ ላይ ነው።

ከተማውን ከሚያቋርጠው ከአዌቱ ወንዝ ዳር ባጃጅ ይዤ ጅሬን ወጣሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ንጉሥ፣ ቤተ መንግሥታቸው እዚህ ኮረብታ ላይ ነው። ለምኒልክ በሰላም ገብረው አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉ፣ የሂርማታን ገበያ ያደመቁ ሰው ናቸው። ቤታቸው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ፎቅ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ያለው። የበረንዳውን ድጋፍ ጠጋ ብዬ አየሁት። የጠራቢው መሣሪያ የሄደበት መስመር ዛሬም ይለያል።

በጅማ ዝናብ የእንጨት ቤት ማቆየት ቀላል አይደለም። ከላይ ፍሳሽ፣ ከታች ምስጥ አለ። ግቢው አጠገብ ያለው መስጊድ ግን ዛሬም ይሰገድበታል። ከሶላት ሲወጡ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት፣ «አባባ፣ እንዴት ነው የምትጠብቁት?» አልኳቸው።

«ምን መጠበቅ አለው ልጄ! ሰው የሚገባበት ቤት ጣራው ካፈሰሰ በዚያው ቀን ይታያል። የተዘጋ ቤት ግን ውስጥ ውስጡን አልቆ ነው የሚታወቀው።»

ይህን እያሰብኩ ከተማ ተመለስኩ። መንገድ ዳር፣ ሸራ ወጥሮ ሦስት እግር ያለው በርጩማ የሚጠርብ ሰው አገኘሁ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ይወጣል። ምስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። ሰውዬው ግንዱን በእግሩ ደግፎ መቀመጫውን ጎድጎድ ያደርጋል፤ በየመሃሉ ቆም ይልና በመዳፉ ይዳብሰዋል። ሻካራ ካገኘ እዚያችው ላይ ይመለሳል። ፍቅፋቂው ጉልበቱ ድረስ ሞልቷል። ዝናብ ሲመጣ ሥራው ይቆማል።

እኔ የምለው እንዲህ ያለ ሰው በቅርስ ግቢ ውስጥ ቦታ ያግኝ ነው። ንጉሡ የኖሩበት ክፍል ውስጥ አይደለም፤ እሱ እንዳለ ይቆይ። ከጎን ባሉት ቤቶች ግን ጠራቢዎች ይሥሩ፣ የሰፈሩ ልጆችም ይማሩ። እሳትና ከባድ ማሽን እንዳይገባ ብቻ ይከልከል። የጎበጠ ወራጅ፣ የተበላ ምሰሶ ከእንጨት ሠራተኛ ቀድሞ ማን ያያል? በረንዳው ሲጎዳም የሚጠግን እጅ እዚያው አለ።

ሐሳቤን ለጠራቢው ነገርኩት። መጥረቢያውን አስቀምጦ ሰማኝና፣ «ጥሩ ነው ወንድሜ። ኪራዩ ግን ስንት ሊሆን ነው?» አለኝ።

ልክ ነው፣ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው። በርጩማ ሸጦ የሚያድር ሰው ሊከፍለው የማይችል ዋጋ ከተጠየቀ ቤቱን ካፌ ይወስደዋል፣ ጠራቢውም እዚያው ሸራው ሥር ይቀራል።