ከአንኮበር ቁልቁል፣ አልዩ አምባ

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ግራ ቀኙ የገብስ ማሳ ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ሲወረድ ግን ገብሱ ይቀርና ማሽላ ይመጣል። ጋቢም ይወልቃል። ገበያው ላይ አማራው፣ አርጎባው፣ ከቆላ የመጣው አፋር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል።

ሻይ ቤት ስገባ አንድ ወጣት አስተማሪና አንድ የአርጎባ አዛውንት ስለ ምርጫ ይከራከራሉ።

«አባባ፣ ድምፅዎ እኮ ተቆጥሯል።»

«መቆጠሩንማ ተቆጠረ። የት ገባ ነው የምልህ ልጄ?»

ጥያቄያቸው እውነት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት የለበትም። ሦስት ተወዳዳሪዎች 40፣ 35 እና 25 በመቶ ቢያገኙ ባለ 40ው ወንበሩን ጠቅልሎ ይወስዳል። 60 በመቶው መራጭ ባዶ እጁን ይገባል። በ1997 ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። በ2002 ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች ከ2 በስተቀር ሁሉም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። ሁለቴም ሌላውን የመረጠ ሕዝብ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር ይይዛል። ጥሩ ነው። ግን ደብረ ብርሃን ሱቅ የከፈተው አርጎባ፣ ኦሮሚያ የሚኖረው አማራ፣ አማራ ክልል የሚኖረው ኦሮሞስ? በየምርጫ ክልሉ የተበተነው ብዙ ጊዜ ተሸናፊ ነው። ተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ፓርቲዎች የዕጩዎች ስም ዝርዝር አቅርበው ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር የሚወስዱበት አሠራር ቢኖር፣ የተበተነው ድምፅ ተደምሮ ወንበር ይሆን ነበር።

ይህንን ስናገር አዛውንቱ አቋረጡኝ።

«ስም ዝርዝሩን አዲስ አበባ ያለ ፓርቲ ሊያወጣው? እኔ ተወካዬን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

ልክ ናቸው። ለዚህ ነው ቅይጡ ሥርዓት የሚሻለኝ፦ የአካባቢው ተመራጭ ይቆያል፣ በላዩ ላይ በድምፅ ድርሻ የሚከፋፈል ወንበር ይጨመራል። በ2009 በተጀመረው ድርድር ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎችም ወደዚሁ አዘንብለው ነበር። አንቀጽ 54ን ለመቀየር ግን የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለበት፤ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው። ከባድ ነው፤ ቢሆንም መጀመር አለበት። ዝርዝሩም በየክልሉ ይውጣ፣ የስሞቹ ቅደም ተከተልም ከምርጫው በፊት ለሕዝብ ይለጠፍ።

አስተማሪው ሦስተኛ ሻይ አዘዘ። «እሺ፣ ስንት ወንበር ይጨመር?» ብሎ ወረቀት አወጣ።