የቅዱስ ሩፋኤልን ስለቴን ልመስክር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጄ ቆማ ከሄደችልኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ለቅዱስ ሩፋኤል የተሳልኩት ገና አራስ ቤት ሳለሁ ነው። ልጄ መሄድ ብቻ ሳይሆን ሮጣለችና ዝም ማለት አይገባኝም። ነገር ግን በዚያ የጭንቅ ጊዜ እግዚአብሔር ያጽናናኝ በአንዲት አሜሪካዊት ሯጭ ሕይወት ስለነበር፣ ዊልማ ሩዶልፍን ሳላነሳ ብመሰክር ምስክርነቴ ጎዶሎ ይሆንብኛል።

ልጄን የወለድኩት ደብረ ብርሃን በሐምሌ ነው። ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ፣ መርገጫዋ ወደ ላይ ዞሮ ነበር። ሐኪሞቹ ቆልማማ እግር ይሉታል። አዋላጇ «አይዞሽ፣ ይታከማል» አለችኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣት። አራስ ጥየቃ የመጣው ሰው ግን የየራሱን ተናገረ። እርግማን ነው ያለ ነበር፤ በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አይተሽ ነው ያለችኝም ነበረች። «ሴት ልጅ፣ እንዲህ ሆና ማን ያገባታል?» የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም። የሁለት ሳምንት ልጅ ነበረች።

ባለቤቴ የስፖርት መምህር ነው። ያን ቀን ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ባሸነፈበት ኦሎምፒክ፣ በልጅነቷ እግሯን በብረት ታስራ ያደገች ሴት ሦስት ወርቅ መውሰዷን ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። እያለቀስኩ አዳመጥኩት።

ዊልማ እ.ኤ.አ. በ1940 ቴኔሲ በምትባለው ግዛት፣ ክላርክስቪል ከተማ አጠገብ ያለ ጊዜዋ ተወለደች፤ ክብደቷ ሁለት ኪሎ ብቻ ነበር። አባቷ ባቡር ላይ ሻንጣ ተሸካሚ ነበሩ፤ ከሁለት ትዳር ሃያ ሁለት ልጆች ወልደዋል፣ እሷ ሃያኛዋ ናት። እናቷ ብላንሽ በነጮች ቤት እየሠሩ ነው ቤተሰቡን የደገፉት። ልጅቷን የሳንባ ምች አንገላታት፤ ቀጥሎ ፖሊዮ ያዛትና ግራ እግሯ ሰለለ። የፖሊዮና የልጄ ሕመም አንድ አይደለም፤ ባለቤቴም ይህን አልደበቀኝም። የእናትየው ነገር ግን የእኔ ነው። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በየሆስፒታሉ አይታከምም። የሚቀበላቸው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቆ ናሽቪል ያለው የጥቁሮች የሕክምና ኮሌጅ፣ ሜሃሪ ነበር። ብላንሽ ልጃቸውን ይዘው፣ ለጥቁር በተመደበው በአውቶቡሱ ኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ሁለት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ተመላለሱ። ሐኪሞቹ እግሩ እንዴት እንደሚታሽ ሲያሳዩአቸው እሳቸው ደግሞ ለትልልቆቹ ልጆች አስተማሩ። ከዚያ በኋላ የዊልማ እግር በቀን አራት ጊዜ፣ በተራ፣ በወንድም በእህት እጅ ይታሽ ጀመር።

ሐኪሞች አትራመድም ሲሉ እናቷ ትራመጃለሽ እንዳሏት፣ እሷም እናቷን እንዳመነች ዊልማ ስትናገር ኖራለች። ይህን ስሰማ ለልጄ የምነግራት ቃል አገኘሁ። ምንም በማትሰማበት ዕድሜዋ ጡት እያጠባኋት «ትሄጃለሽ» እላት ጀመር።

ሕክምናው የተገኘው አዲስ አበባ ነው። እግሩ በእጅ ቀስ ተብሎ እየተቃና በጄሶ ይታሰራል፤ ጄሶው በየሳምንቱ ይፈታና እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ ተመልሶ እንደገና ይታሰራል። «አራስ ነሽ፣ ብርድ ይመታሻል» ብለው ሊያስቀሩኝ የሞከሩ ዘመዶች ነበሩ፤ የክረምት ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። የባለቤቴ እናት ግን ጋቢያቸውን ደርበውብኝ አብረውኝ ተነሱ። ጄሶ ውኃ ከነካው ይበላሻል። ስለዚህ እግሯን በፌስታል ጠቅልለን፣ ከላምበረት መናኸሪያ ወርደን፣ ዝናቡን እየሸሸን እንሄድ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ የምጸልየው ስለዚያች ስለ ብላንሽ እያሰብኩ ነው። እኔ የፈለግኩበት ወንበር እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ያንን እንኳ ሳያገኙ አልታከቱም።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ጸበሉ ነበር። በጸበል እንዳትጠመቅ ጄሶው ይርሳል፤ ጄሶው ይቅር እንዳልል እግሯ ሊቀር ነው። የንስሐ አባቴ ለጸሎት ቤት ሲመጡ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ጸበሉን ታጠጫታለሽ፣ እምነቱን ግንባሯን ትቀቢያታለሽ። ሐኪሙንስ ማን የፈጠረው መሰለሽ? ሲራክ ምዕራፍ 38ን አላነበብሽም?» አሉኝ። ሲራክ ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ልቤ ያረፈው በዚያ ቀን ነው። ሃይማኖት ካለሽ ሐኪም ቤት ምን ታደርጊያለሽ የሚሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ያጋጥሙኛል፤ እኔ ግን የአባቴን ምክር በዓይኔ ፍሬ አይቼበታለሁ።

የዚያ ዓመት ጳጉሜን 3 ዝናብ ወረደ። የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ብለን ሕፃናትን ሳይቀር አውጥተን እናስነካለን። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ውጭ ወጥተው ሲዘሉ፣ የእኔ ልጅ ተረከዟ ላይ ያለው ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ከላላ በኋላ በሚታሰረው በመጨረሻው ጄሶ ላይ ነበረች። ሰማንያ ቀኔ ስላልሞላ እኔም ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልችልም። መስኮቱ ጋ አቅፌያት ቆሜ፣ «ቅዱስ ሩፋኤል፣ ማኅፀኔን ፈትተህ በሰላም እንዳወጣሃት እግሯንም ፍታልኝ፤ በዚህ ዝናብ ውስጥ ቆማ አሳየኝ» አልኩ። መሮጥ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፤ መቆሟም በዛብኝ።

ባለቤቴ በዚያው ማታ ደብተሩን አውጥቶ ቀኑን ያሰላ ነበር። ከዚያ ያሳየኝን እስከምሞት አልረሳውም። ዊልማ ሮም ላይ 100 ሜትርን ያሸነፈችው ነሐሴ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ 11.0 ሰከንድ ገባች፣ ነፋሱ ከኋላ ስለገፋ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም። 200 ሜትሩን ነሐሴ 30 በ24.0 ሰከንድ ወሰደች። ሦስተኛውን ወርቅ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ያገኘችው ጳጉሜን 3 ነው። በሩፋኤል! አበበም በባዶ እግሩ ማራቶኑን ያሸነፈው በሁለተኛው ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ። የእሷ አገር ይህን በዓል አያውቀውም፤ እኔም በቀን አጋጣሚ ሃይማኖት አልሠራም። ነገር ግን ለተጨነቀች እናት እግዚአብሔር እንዲህ ባለ ነገርም ያጽናናል፣ እኔን አጽናንቶኛል።

የዱላ ቅብብሉን ነገር ደጋግሜ አስወርቼዋለሁ። አራቱም ሴቶች የቴኔሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ የአሠልጣኝ ኤድ ቴምፕል ተማሪዎች ነበሩ። ማርታ ሃድሰን ለሉሲንዳ ዊልያምስ፣ ሉሲንዳ ለባርባራ ጆንስ፣ ባርባራ ለዊልማ። በግማሽ ፍጻሜው 44.4 ሰከንድ ሮጠው የዓለም ክብረ ወሰን ሰብረዋል። በፍጻሜው ግን ባርባራ ለዊልማ ስታቀብል ዱላው አልያዝ ብሎ ሊወድቅ ደረሰ። ዊልማ ፍጥነቷን ገታ አድርጋ ዱላውን እስክትጨብጥ ጀርመኗ ቀደመች። ባለቤቴ እንዳስረዳኝ በዱላ ቅብብል ሰዓቱ የሚያዘው ለዱላው ነው፤ ሯጯ ምንም ብትፈጥን ባዶ እጇን ብትገባ ዋጋ የለውም። ተቀባይዋም ወደ ኋላ አታይም፤ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ መሮጥ ትጀምራለች፣ ዱላው መዳፏ ላይ እንደሚያርፍ አምና። የእኔም ጸሎት እንደዚያ የተዘረጋ እጅ ነበር። ዊልማ ዱላውን ጨብጣ ጀርመኗን ደርሳ አለፈቻት፤ 44.5 ሰከንድ፣ ወርቅ። በአንድ ኦሎምፒክ በአትሌቲክስ ሦስት ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆነች።

ሰው ታሪኳን ሲያወራ ከብረቱ ተነሥቶ ወርቁ ላይ ይደርሳል፤ መሐሉን ይዘለዋል። እኔን ያቆመኝ መሐሉ ነው። ብረቱና ልዩ ጫማው ከእግሯ እስኪወርዱ ዓመታት አልፈዋል፤ በ12 ዓመቷ ነው ያለ ምንም ድጋፍ የምትራመደው። ከዚያ ቅርጫት ኳስ ያዘች፤ ኤድ ቴምፕል ያያት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። በ16 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ሄዳ በ200 ሜትር ከማጣሪያ ተመለሰች፤ በዱላ ቅብብል ግን ነሐስ አገኘች። እኔ ያኔ ጨለማ ውስጥ ስለነበርኩ ከወርቁ ይልቅ የነሐሱ ታሪክ ጠቀመኝ።

ጄሶው ተፈታ፤ የልጄ እግር እንደ ሌላው እግሯ ሆኖ አየሁት። እልል አልን። ፈተናው ግን ከዚያ ጀመረ። በብረት ዘንግ የተያያዙ ጫማዎች ይደረጉላታል፤ ለሦስት ወር ያህል በቀን ሃያ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመቷ ገደማ ስትተኛ። ካልተደረገ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል። ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና የተነሳችው ጫማው በሚወልቅባት በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ካህናቱ ከውኃው ሲያወጧት ሁለቱ እግሮቿ ተስተካክለው ሲንጠባጠቡ ሳይ፣ ለቅሶዬን መያዝ አቃተኝ።

ሌሊት ሌሊት ጫማውን እየጠላች ትጮህ ነበር። እናት አንጀቷ አይችልም። አንዳንድ ሌሊት ባለቤቴ ይሸከማታል፣ አንዳንድ ሌሊት አያቷ፣ አንዳንዴ እህቴ። የዊልማ ቤተሰብ በተራ እንዳሸው እኛም በተራ አባበልናት። አያቷ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ እግሯን ከነብረቱ ጭናቸው ላይ አድርገው ያድሩ ነበር። አንድም ሌሊት ያለ ጫማው አላደረችም፤ ይህን ኃይል የሰጠን እሱ ነው።

ስለ ዊልማ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ከሮም ስትመለስ ክላርክስቪል አቀባበል አዘጋጀች። ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚቀመጥ ከሆነ አልገኝም አለች። ስለዚህ ሰልፉና ግብሩ በከተማው ታሪክ ነጭና ጥቁር አብሮ የተገኘበት የመጀመሪያው ዝግጅት ሆነ። እናቷን ኋላ ወንበር ያስቀመጠ አገር እሷን ለማክበር አንድ አዳራሽ ገባ። በማግስቱ ዓመት 100 ሜትርን በ11.2 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለች፤ በ22 ዓመቷም ሩጫ አቁማ ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆነች፣ ልጆችን አሠለጠነች። እ.ኤ.አ. በ1994 በ54 ዓመቷ በካንሰር አረፈች። ነፍሷን ይማር።

ልጄ በዓመት ከጥቂት ወር ዕድሜዋ የአያቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆመች። በኋላም በአንድ ጳጉሜን 3፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ማንም ሳይጠራት በር ከፍታ ከሰፈር ልጆች ጋር እየሮጠች ወጣች። እኔ ቆማ አሳየኝ ብዬ ነበር የለመንኩት። እሱ ከልመናዬ በላይ አደረገ።

አሁን ተማሪ ናት። በቅርቡ በትምህርት ቤቷ ውድድር ለክፍሏ በዱላ ቅብብል ሦስተኛዋ ሆና ተሰለፈች። አባቷ ማቀበልና መቀበልን ግቢያችን ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ነው ያለማመዳት። ዱላውን ተቀበለች፣ በዚያ በግራ እግሯ ተስፈንጥራ ሮጠች፣ ለጓደኛዋ አቀበለች። ክፍላቸው ሁለተኛ ወጣ። አያቷ ከተመልካቹ መሐል ተነሥተው እልልታቸውን ሲያቀልጡት ያላወቀ ሰው አንደኛ የወጡ ነው የመሰለው።

ለቅዱስ ሩፋኤል የተሳልኩትን ጃንጥላ አስገብቻለሁ። የቀረኝ ይህ ምስክርነት ነበር። ልጇ እግሩ ተቆልምሞ የተወለደባት እናት ይህን የምታነብ ከሆነ፣ እህቴ፣ እርግማን ነው የሚልሽን አትስሚ፤ ሕክምናው በአገራችን አለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጀመር በጣም ይቀላል። ጸበሉን አጠጪው፣ ጄሶው እንዳይርስ ተጠንቀቂ፣ ጫማውን ሌሊት አታውልቂ። የልጅሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ ከልጄ ጋር ሆነን በጸሎት እናስባችኋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።