በድካም ስሜት ቪኦቱ ማክስን መገመት፦ የምሠራበት መንገድና ያስተማረኝ

ቪኦቱ ማክስ፣ ማለትም ሰውነት በአንድ ደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን፣ በትክክል የሚለካው ላብራቶሪ ውስጥ ጭንብል አጥልቆ አቅም እስኪያልቅ በመሥራት ነው። መሣሪያው በየቦታው አይገኝም፤ አቅሙን አሟጦ መሥራትም ለሁሉም ሰው አይመከርም። ስለዚህ የምጠቀመው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ቦርግ ያወጣውን ከ6 እስከ 20 የሚሄድ የድካም መለኪያ ነው። 6 ዝም ብሎ መቀመጥ፣ 9 በጣም ቀላል፣ 11 ቀላል፣ 13 ከበድ ያለ፣ 15 ከባድ፣ 17 በጣም ከባድ፣ 20 ከዚያ በላይ የማይቻል ነው።

ዋት፣ ማለትም ፔዳሉ ላይ የሚወጣውን የጉልበት መጠን፣ የሚያሳይ የጂም ብስክሌት ያስፈልጋል። ማሽኑ ሌቭል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ለስሌት አይሆንም፤ የአንዱ ሌቭል ከሌላው ማሽን ጋር አይገጥምም። 5 ደቂቃ ቀለል አድርጎ ካሟሟቀ በኋላ፣ የሚፈተነው ሰው እንዳያየው ማሳያውን በወረቀት እከልላለሁ። ቁጥሩን ካየ ያለፈውን ለመብለጥ መግፋት ይጀምራል። ከዚያ «9 የሚሰማህን ያህል አክብደው» እለዋለሁ። በመጀመሪያው ደቂቃ ጫናውን ራሱ ያስተካክላል፤ 3 ደቂቃ እንዲቆይ አድርጌ የመጨረሻውን ደቂቃ አማካይ ዋት እመዘግባለሁ። በ11፣ በ13 እና በ15 እንዲሁ። የፔዳሉ ፍጥነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በደቂቃ 60 ዙር ነው። 13 ላይ አጫጭር ዓረፍተ ነገር መናገር፣ 15 ላይ ደግሞ ጥቂት ቃላት ብቻ ማውጣት የሚጠበቅ ነው። 15 እያለ እንደ ልቡ የሚያወራ ከሆነ መለኪያውን እንደገና አስረዳዋለሁ።

ስሌቱ የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ቀመር ነው፤ ዋቱን በ10.8 አባዝቶ በኪሎ ክብደት ማካፈልና 7 መጨመር። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአራቱ ደረጃዎች 50፣ 85፣ 110 እና 145 ዋት ከሠራ 14.7፣ 20.1፣ 24.0 እና 29.4 ሚሊ ሊትር በኪሎ በደቂቃ ይወጣል። የድካም ቁጥሩን በአግድም፣ የኦክስጅኑን መጠን በቁም አድርጌ አራቱን ነጥቦች በካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጬ በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር እስባለሁ። መስመሩ ተራዝሞ 20 ላይ ሲደርስ 41.2፣ 19 ላይ 38.8 ይሰጣል፤ የቪኦቱ ማክስ ግምት ይህ ነው። ብዙ ሰው አቅሙ አልቆ ሲቆም የሚናገረው ቁጥር 19 ስለሆነ የምይዘው ዝቅተኛውን ነው።

ዋናው ድክመት እዚሁ መስመሩ ላይ ነው። ያው ሰው 15 ላይ ከ145 ይልቅ 130 ዋት ቢመርጥ፣ 20 ላይ ያለው ግምት ከ41.2 ወደ 37.8 ይወርዳል። የአንድ ደረጃ 15 ዋት ልዩነት ግምቱን ከ3 በላይ ቀነሰው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ለልምምድ ብቻ የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ መለኪያውን ያልለመደ ሰው ነጥቦቹ ይበታተናሉ።

ሌላው የእግር ነገር ነው። ብስክሌት የማያዘወትር ሯጭ ትንፋሹ ሳይቸገር ጭኑ ይቃጠልና ቶሎ 15 ይላል፤ ግምቱም ከእውነተኛው ያንሳል። ትንፋሽንም እግርንም አጠቃሎ አንድ ቁጥር እንዲሰጥ አጥብቄ እነግረዋለሁ። ሯጭን በትሬድሚል መፈተን ይሻላል፤ ነገር ግን የእርምጃና የሩጫ ቀመር የተለያየ ስለሆነ ግማሹን በእርምጃ ግማሹን በሩጫ ማድረግ መስመሩን ይሰብረዋል።

ቡና የድካም ስሜትን ይቀንሳል። ጠዋት ሁለት ስኒ ጠጥቶ የተፈተነ ሰው በሚቀጥለውም ጠጥቶ ይምጣ፤ አለዚያ ሁለቱን ውጤት ማነጻጸር አይቻልም። በጾም ወቅት፣ ምግብም ውሃም ሳይቀመስ የተደረገውንም ከፋሲካ በኋላ ካለው ጋር አላወዳድርም። ከፍታውም አለ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ ያው ዋት እዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ እዚህ የወጣን ቁጥር ለባሕር ጠለል ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ሰውየውን ያለ ጥፋቱ ዝቅ ያደርገዋል።

ቤታ ብሎከር የሚባለውን የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የልብ ምት ሰዓት ያሳስታል፤ መድኃኒቱ ምቱን ይዞ ስለሚያስቀር። ለእነሱ የድካም ቁጥሩ የተሻለ መሪ ነው። ነገር ግን ከሐኪማቸው ፈቃድ ሳያገኙ ብስክሌቱ ላይ አላስቀምጣቸውም፣ ከ13 በላይም አላስኬዳቸውም። ደረት ላይ ሕመም ወይም መጫን፣ ማዞር፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ በየትኛውም ደረጃ ላይ ፈተናው ይቆማል።