ሰፌድ ላይ የመረጥኩት የጀርመን ፕሬዚዳንት፦ የስድስት ወር ሙከራዬ

ሰላም ነው? «የት ደረስሽ» የምትሉኝ ስለበዛችሁ ይኸው ቁጭ ብዬ ልጻፍ። ከስድስት ወር በፊት «ቢሆን ኖሮ» የሚባለውን ዓይነት ታሪክ ልሞክር ነው ብያችሁ ነበር። የመረጥኩት አገር ጀርመን ነው፣ ለሁለት ተከፍላ የነበረችው። ጉዳዩ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያዛጋበት ነው፦ ሕዝቡ በቀጥታ የማይመርጠው ፕሬዚዳንት እንዴት ይመረጣል፣ አንዲት ሕግ ብትለወጥስ ማን ይመረጥ ነበር? ታናሽ ወንድሜ «አቦ፣ ሰው ጦርነት ይጽፋል፣ አንቺ ስብሰባ ትጽፊያለሽ» ብሎኛል። አልተሳሳተም።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ወደ እኛ ልመልሳቸው ሞክሬ መስከረም ላይ እየተምታታብኝ ተውኩት።)

በመጀመሪያው ሙከራ እንጀምር፣ እሱ ከሽፏል። መጋቢት 10 ቀን 1952 ስታሊን ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አንድ ማስታወሻ ላከ። ሁለቱ ጀርመኖች ይዋሃዱ፣ ግን የትኛውም የጦር ጎራ ውስጥ አይግቡ የሚል ነበር። ምዕራባውያኑ አልተቀበሉትም፣ የምዕራብ ጀርመኑ መራሄ መንግሥት አደናወርም አላመነውም። እኔ «ቢቀበሉትስ?» አልኩና ተነሳሁ። የተዋሃደችው ጀርመን በ1954 ፕሬዚዳንት ልትመርጥ ተሰብስባ፣ አዳራሹ በሲጋራ ጭስ ታፍኖ፣ አንዱ ተነስቶ እንባ የሚያራጭ ንግግር ሲያደርግ፣ ሌላው ኮሪደር ላይ ሲያሾከሹክ... ሠላሳ ገጽ ሞላሁ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሳቢያን አካባቢ የምትኖር የታሪክ አስተማሪ ጓደኛ አለችኝ። ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝና ስለ ንግግሩም ስለ ጭሱም ምንም ሳትል «ምሥራቆቹን የላካቸው ማን ነው?» አለችኝ። «አምስቱ ክልሎቻቸው» አልኳት። «አምስቱ ክልሎች እኮ ሐምሌ 1952 ላይ ፈርሰው በ14 አውራጃ ተተክተዋል» አለችኝ። እርግጥ በእኔ ታሪክ መጋቢት ላይ ነገሩ ስለተቀየረ ሳይፈርሱ ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ግን ይህን አውቄ አልጻፍኩትም። ሳላውቅ ነው የዳንኩት፣ ሳያውቁ መዳን ደግሞ ያሳፍራል።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ያኔ ምሥራቅ ጀርመን 18 ሚሊዮን ገደማ፣ ምዕራቡ 50 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። ወንበሩን በሕዝብ ቁጥር ካካፈልነው ምሥራቁ አንድ አራተኛ ቢያገኝ ነው። ስታሊን ለአንድ አራተኛ አገር ያስረክባል? ምሥራቅ ውስጥም እውነተኛ ምርጫ አልነበረም። በ1950 ሕዝቡ አንድ የተዘጋጀ ዝርዝር ቀረበለት፣ 99.7 በመቶ ደገፈው ተባለ። ፕሬዚዳንታቸው ቪልሄልም ፒክ በ1949 ያለ ተፎካካሪ ተመረጠ፣ በ1953ም በ1957ም እንደዚያው። በ1960 ሲሞት ሥልጣኑ ራሱ ቀረና በቦታው የመንግሥት ምክር ቤት ተቋቋመ። እዚህ ላይ ምን ድራማ ልጽፍ ነው? እጅ ማውጣት ብቻ።

ሠላሳውን ገጽ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ችግሬ ገብቶኝ ነበር። ወንበሩን ሳልቆጥር ሰዎቹን ማናገር ጀምሬያለሁ።

ስለዚህ ሁለት ወር ምንም አልጻፍኩም፣ ሕግ ብቻ አነበብኩ። የምዕራብ ጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ይዞ መቀመጥ ያስደስታል ብላችሁ አታምኑኝም፣ ግን ያስደስታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጥ ለዚያች ቀን ብቻ የሚሰበሰብ የፌዴራል ጉባኤ አለ። ግማሹ የፓርላማው አባላት በሙሉ ናቸው። ሌላው ግማሽ፣ በቁጥር እኩል ሆኖ፣ ከየክልሉ ምክር ቤት ይላካል፣ ክልሎቹም እንደ ሕዝባቸው ብዛት ይካፈላሉ። ዕጩው 40 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው፣ በተከታታይ ከሁለት ዘመን በላይ የለም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር ከጠቅላላው አባላት ከግማሽ በላይ ማግኘት ግድ ነው። በሦስተኛው ግን ብዙ ያገኘ አለፈ፣ በቃ። አንዷ ቃል ደግሞ ሠላሳ ገጼን ገደለችው፦ ምርጫው «ያለ ክርክር» ይካሄዳል። ንግግር የለም! ያ ሁሉ ያስለቀስኩት አዳራሽ ዝም ብሎ ወረቀት የሚጥል ሆነ።

ከእኛው ጋር ላስተያየው ሞከርኩ። እኛ ጋ ዕጩውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ ላይ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ፣ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው። ይህን ሁለት ሦስተኛ ወስጄ በኋላ የምነግራችሁ የ1969 ምርጫ ላይ ጫንኩት። ከ1036 ሰው 691 ያስፈልጋል ማለት ነው። ማንም አልደረሰም፣ አይደርስምም። በእኛ ሕግ ቢሆን ጀርመኖቹ እስካሁን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበሩ።

ይህን ለጎረቤታችን ለአባባ ስነግራቸው ሳቁ። ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነው የሚኖሩት፣ ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው፣ ፈረንሳይኛቸው ዛሬም አልደበዘዘም። «ልጅ ሆኜ» አሉኝ፣ «አባቴ የሚሠራላቸው ፈረንሳዮች ገና ሲደርስ ሬዲዮ ላይ ተጥደው ሰነበቱ። ፕሬዚዳንት መረጡ ስንል አልመረጡም፣ መረጡ ስንል አልመረጡም። ጠላ ቢጠመቅ ይደርስ ነበር!» ሄጄ አየሁት፣ እውነት ነው። በታኅሣሥ 1953 የፈረንሳይ ሁለቱ ምክር ቤቶች ቬርሳይ ላይ ተቀምጠው ሬኔ ኮቲን የመረጡት በ13ኛው ዙር ነው። ሳምንት ፈጀባቸው። የጀርመኑ ሦስተኛ ዙር ምን ያህል ብልጠት እንዳለው የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን እሳቸው በረንዳ ላይ ነው።

አሁን ወደ 1969።

መጋቢት 5 ቀን 1969 ጉባኤው የተሰበሰበው ምዕራብ በርሊን ውስጥ ነበር፣ ማለትም ዙሪያዋን ምሥራቅ ጀርመን የከበባት ከተማ ላይ። ሶቪየቶች ተቆጡ። ምሥራቅ ጀርመን ተመራጮቹ በመሬት እንዳያልፉ ከለከለች፣ በአየር ገቡ። ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው። ጉስታቭ ሃይነማን ከሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ ጌርሃርድ ሽሮደር ከክርስቲያን ዴሞክራቶቹ (በኋላ መራሄ መንግሥት የሆነው ሽሮደር ሌላ ሰው ነው፣ እኔም አንድ ሳምንት ተሸውጃለሁ)። የሚገርመው ሁለቱም የአንድ ካቢኔ ሚኒስትሮች ናቸው። አንዱ የፍትሕ፣ ሌላው የመከላከያ። ሃይነማን ደግሞ በ1950 የጦር ኃይል እንደገና መቋቋሙን ተቃውሞ ከአደናወር መንግሥት የለቀቀ፣ ከዚያም ገለልተኛ ሆነን እንዋሃድ ሲል የነበረ ሰው ነው። በከሸፈው ሙከራዬ ውስጥ ዕጩ ያደረግኩት እሱን ነበር! በሌላ በር ዞሮ መጣልኝ።

ቁጥሩ በወረቀት አልገባ ሲለኝ የእናቴን ሰፌድ አወረድኩ። 482 ቀይ ቦሎቄ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ። 449 ነጭ ቦሎቄ ሶሻል ዴሞክራቶቹ። 83 ሽምብራ ነፃ ዴሞክራቶቹ። 22 የተቆላ ቡና ደግሞ ኤንፒዲ የሚባለው የቀኝ አክራሪ ፓርቲ፣ ቡናማ ይሁን ብዬ ነው፣ የገባው ይገባዋል። ድምሩ 1036። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ማታ መብራት ሄደ፣ ቬንቲሌተሩ ቆመ፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ላቤ ቦሎቄው ላይ እየተንጠባጠበ 300 ላይ ስደርስ ወንድሜ «ስንት ደረስሽ?» ብሎ አጠፋብኝ። እናቴ በሻማ መጥታ አየችኝና «ደግሞ ምርጫ ቦርድ ሆንሽልኝ?» ብላ ሄደች።

እስኪ እዩት። ነጩና ሽምብራው አንድ ላይ 532 ነው። ለማለፍ 519 ይበቃል። ሃይነማን በመጀመሪያው ዙር መጨረስ ነበረበት። ያገኘው ግን 514 ነው፣ ሽሮደር 501። ሁለተኛ ዙር 511 ለ507። ሦስተኛው 512 ለ506፣ አምስት ድምፀ ተአቅቦ። በስድስት ድምፅ አለፈ። ፍሬዎቹን በየዙሩ በጣቴ ሳንቀሳቅስ ነው የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሄዱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ የቀረው ክምር ንቅንቅ አይልም። ድምፁ ሚስጥራዊ ስለሆነ የትኛው ሽምብራ እንደከዳ፣ ወይም ከዳተኛው ነጭ ቦሎቄ ይሁን፣ ማንም አያውቅም።

ታሪኬን ያገኘሁት እዚህ ነው። ከ1036ቱ ውስጥ የምዕራብ በርሊን ተወካዮች አሉ። ከፓርላማው ወገን 22፣ ከክልሎቹ ወገን ደግሞ እንደ ሕዝቧ ብዛት ካሰላሁት ወደ 19። አሁን ልብ በሉ። በርሊን በአራቱ ኃያላን ሥር ስለነበረች መራሄ መንግሥት ሲመረጥ የበርሊን ድምፅ አይደመርም ነበር። ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ግን ይደመራል። ሰዎቹ ያው፣ አንዱ ቀን ሙሉ ሰው፣ ሌላው ቀን ተመልካች! የድሬ ልጅ ስሆን ይህ ነገር ቶሎ ነው የያዘኝ። ድሬ ክልል አይደለችም፣ ቻርተር ያላት ከተማ ናት፣ ፓርላማ ውስጥ ሁለት ወንበር አላት፣ ስለዚህ ከተማዬ የት ላይ ትደመራለች የሚለው ጥያቄ ለእኔ ተረት አይደለም። (አባባ ደግሞ «መጋላና ከዚራስ? ደቻቱ ሲሞላ እኛም ሁለት አገር ነን» አሉኝ። አባባ፣ ይህ ሌላ ክፍል ነው።)

ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ ቀየርኩ። ምዕራባውያኑ ኃያላን የመራሄ መንግሥቱን ደንብ ለፕሬዚዳንቱም አደረጉት፣ የበርሊን ድምፅ አይደመርም። ከተማዋ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ምሽግ ነበረች፣ በ1967 ምርጫ 56.9 በመቶ አግኝተዋል። 41ዱን ፍሬ በዚያ ምርጫ መጠን አካፍዬ፣ ከሃይነማን 26፣ ከሽሮደር 14፣ ከታቀቡት አንድ አንስቼ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ለብቻ አኖርኳቸው። ሰፌዱ ላይ የቀረው 486 ለ492። ሽሮደር በስድስት ድምፅ! ያው ስድስት፣ ተገልብጦ። የእኔ ግምት ስለሆነ ሁለት ሦስት ፍሬ ወዲያ ወዲህ ማለቱ አይቀርም፣ አውቃለሁ። ግን ብቻዬን ሳሎን ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚህ በኋላ ስጽፍ እጄ ፈጠነ። በእውነተኛው ታሪክ የመጋቢቱ ምርጫ ነፃ ዴሞክራቶቹ ከሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋር መቆም እንደሚችሉ ያሳየ ነው፣ በጥቅምት ቪሊ ብራንት መራሄ መንግሥት ሲሆን ያንኑ መንገድ ተከትለው ነው። በእኔ ታሪክ ግን ያ መንገድ መጋቢት ላይ ተዘጋ። ሽምብራዎቹ ሞክረው ተሸንፈዋል፣ እርስ በርስ እየተወቃቀሱ ነው፣ የፕሬዚዳንቱ ቤት የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ነው። ሁለት ምዕራፍ ጨረስኩ። በዚህኛው ንግግር የለም። አንድ በርሊናዊ ተወካይ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ሲከትና የእሱ ሳጥን ለብቻው መሆኑን ሲያይ ብቻ ነው ያለው። ከሠላሳው ገጽ ይልቅ ይህቺ አንዷ ገጽ ትሻለኛለች።

ከዚያ አንቀጽ 63 ያዘኝ። መራሄ መንግሥቱን ፕሬዚዳንቱ ያቀርባል፣ እሺ። ሽሮደር የራሱን ፓርቲ ሰው፣ ኪሲንገርን፣ ያቀርባል ብዬ ጽፌያለሁ። ግን ፓርላማው ያን ሰው ከጣለው በ14 ቀን ውስጥ በራሱ ሌላ መምረጥ ይችላል። በመስከረሙ ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶቹና ነፃ ዴሞክራቶቹ አንድ ላይ 254 ወንበር አግኝተዋል፣ የሚያስፈልገው 249። እና ብራንት በአሥራ አራተኛው ቀን ሊመረጥ ነው? ታሪኬ ዞሮ እዚያው ሊገባብኝ ነው? አንድ ተስፋ አለኝ። በእውነተኛው ምርጫ ብራንት ያገኘው 251 ነው፣ ሦስቱ እዚያም ቀርተዋል። መጋቢት ላይ የተሸነፈ ቡድን ውስጥ ደግሞ ሦስቱ ስድስት ቢሆኑስ? ስድስት ከሆኑ 248፣ አንድ ጎደለ። ግን ደግሞ ስድስት ሰው ለእኔ ታሪክ ሲል ብቻ ይክዳል ብሎ መጻፍ የሰነፍ ሥራ ነው፣ ምክንያታቸውን ማግኘት አለብኝ። አሁን ያለሁት እዚህ ነው። የነፃ ዴሞክራቶቹን የውስጥ ጭቅጭቅ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ የምሬን ነው።

ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ፍሬውን በየክልሉ ለዩት፣ እኔ በፓርቲ ብቻ ለይቼ በኋላ በርሊንን ለማውጣት ከስንት ጊዜ በላይ እንደገና ቆጠርኩ። ሰፌዱን ደግሞ ኩሽና አታሳድሩ። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ቤቱ በንፍሮ ሽታ ታውዷል። እናቴ ቡናውን ለቅማ አውጥታ ቀዩንም ነጩንም ሽምብራውንም ድስት ውስጥ ከታዋለች። ሲኒ ማስቀመጫው ላይ ለብቻ ያስቀመጥኳቸውስ ስላት «እነሱንም ጨመርኳቸው፣ ለምን ለብቻቸው ይቀራሉ?» አለችኝ።