ውሃው ቀስ ብሎ ይውጣ

ዛሬ ማስፈር የፈለግሁት ስለ መድረቅ ነው። በቤት ውስጥ ስለሚሠሩ የእጅ ሥራዎችና ስለ ወጥ ቤት ሙከራዎች ሲጻፍ ዱቄቱ ስንት፣ ጨዉ ስንት፣ ውሃው ስንት የሚለው በጥንቃቄ ይዘረዘራል። ከዚያ «እስኪደርቅ ይቆይ» ተብሎ ይታለፋል። ሥራው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያችው የታለፈችው ቦታ ላይ ነው። መጠኑን ሚዛን ያስተካክለዋል፤ ውሃ ከዕቃው ውስጥ የሚወጣበትን ፍጥነት መግራት ግን ሙያ ይጠይቃል።

የጨው ሊጥን፣ ማለትም ተቀርጾና ደርቆ የሚሰቀል ጌጥ የሚሆነውን ሊጥ፣ ልውሰድ። በስፍር ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ጨው፣ አንድ እጅ ያልሞላ ውሃ ነው። በሚዛን ሲሆን 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 290 ግራም ጨው፣ ከ180 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ። እኔ ሚዛኑን አጥብቄ እመርጣለሁ፤ ዱቄት ተጠቅጥቆ ሲሰፈርና ተነፍቶ ሲሰፈር በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ ክብደቱ ይለያያልና። ጨዉ የግድ ደቃቅ ይሁን። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት የሚያሟሟው 36 ግራም ያህል ጨው ነው። 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ290 ግራሙ ውስጥ ቢበዛ 72 ግራም ያሟሟል ማለት ነው፤ የቀረው እንደ አሸዋ ሆኖ በሊጡ መሀል ይቀመጣል። ጨዉ ሻካራ ከሆነ ገጹ ይጎረብጣል፤ ቀጫጭኑ ክፍል ደግሞ በጨዉ ፍሬ አጠገብ ይሰበራል።

ውሃው በአንዴ አይገልበጥ። መጀመሪያ 150 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ከዚያ በማንኪያ በማንኪያ። ለ10 ደቂቃ ያህል ይታሻል። ሊጡ ሲታጠፍ ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውሃ አንሶታል፤ ጣትን አርሶ መልሶ ማሸት ይበቃል። እጅ ላይ ከተጣበቀ ጥቂት ዱቄት ይነስነስበት። በመዳመጫ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ድረስ ይዳመጥ። ክር የሚገባበት ቀዳዳ በስቴኪኒ ከተበሳ ሊጡ ሲያብጥ ይደፈናል፤ በስትሮ ቢበሳ ይሻላል።

አሁን ወደ መድረቁ። ኦቨኑ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጊዜው ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ በመሀል አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ቶሎ እንዲያልቅ ሙቀቱ 160 ወይም 180 ከተደረገ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና እንደ ክዳን ይሆናል። ከሥር የቀረው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መውጫ ስለሚያጣ ገጹን ወደ ላይ ገፍቶ ያሳብጠዋል። ያ እብጠት የዱቄቱ ወይም የጨዉ ጥፋት አይደለም፤ የጥድፊያ ነው። ያለ ኦቨንም ይደርቃል፣ ግን ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል፤ አየር ከሥርም እንዲያገኘው ሽቦ ላይ ይቀመጥ፣ በየቀኑም ይገልበጥ። ዝርግ ሳህን ላይ ከተተወ የላዩ ወገን ደርቆ ሲኮማተር የሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ጠርዞቹም ወደ ላይ ይጎብጣሉ።

ወተት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የወተት ፕላስቲክ፣ ማለትም ከወተት አይብ ተቀርጾ ሲደርቅ የሚጠነክር ዕቃ፣ ለመሥራት 250 ሚሊ ሊትር ወተት እንፋሎት ማውጣት እስኪጀምር ይሞቃል፤ መፍላት የለበትም። ከእሳት ወርዶ 20 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ፣ ይጨመርበትና ቀስ ተብሎ ይማሰላል። አሲዱ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 4.6 አካባቢ ሲያወርደው ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን እርስ በርሱ መገፋፋቱን ትቶ ይያያዛል፤ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። አጓቱ ከጠራ አሲዱ በቂ ነው። አሁንም ወተት የሚመስል ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ ይጨመር። ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ነው። የአኩሪ አተርና የአጃ መጠጦች ኬዚን ስለሌላቸው ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ቅባቱ የተነሳለት ወተት ይመረጣል፤ ቅባት በፕሮቲኑ መሀል እየገባ እንዳይያያዝ ያደርገዋል፣ ሲደርቅም ይፈረፍራል።

አይቡ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፣ በሶፍት ተጭኖ ይጨመቃል፣ ገና ለብ እንዳለ ለ3 ደቂቃ ያህል ይታሻል፣ ከዚያ ቅርጽ ይወጣለታል። ሰው የሚገረመው በትንሽነቱ ነው። ከ250 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጠቅላላው 8 ግራም ገደማ ነው። በእጅ የተያዘው ለስላሳ ድቡልቡል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ክፉኛ ይኮማተራል። ፀሐይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ከተቀመጠ ዳርዳሩ ቀድሞ ይጠብቅና መሀሉ ገና እርጥብ ሳለ ይሰነጠቃል። በላስቲክ ከታሸገ ደግሞ ይሻግታል፣ ይሸታልም። መሀለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ የመጀመሪያውን ቀን በሶፍት ተጠቅልሎ፣ ሳህን አየር በሚያስገባ መልኩ ተደፍቶበት ይደር፤ ሶፍቱ ሲርስ ይቀየር፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ተገልጦ ጥላ ውስጥ ይቆይ። ጋላሊት የተባለው በ1899 ፓተንት የወጣለት የኬዚን ፕላስቲክ ለልብስ ቁልፍና ለጌጥ ያገለገለው ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል እየተነከረ ስለጠነከረ ነው። ፎርማሊን መርዝ ነው፤ ወጥ ቤት መግባት የለበትም። የቤቱ ሥራ ስለዚህ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ለሚታጠብ ልብስ ቁልፍ አይሆንም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለኔ እጅግ የሚያምረው የጨው ክሪስታል ነው። ከስኳር ጋር ጎን ለጎን ሲሠራ ልዩነቱ ብዙ ያስተምራል። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 200 ግራም ያህል ስኳር ያሟሟል፤ ሊፈላ ሲቃረብ ከ400 ግራም በላይ ይይዛል። ስለዚህ 300 ግራም ስኳር በጋለ ውሃ ከተሟሟ በኋላ ሲበርድ ወደ 100 ግራም የሚሆነው ቦታ ያጣል፤ ክር ካገኘ በክሩ ላይ ያድጋል። ክሩ አስቀድሞ በሽሮፑ ተነክሮ፣ ስኳር ተነስንሶበት፣ አንድ ሌሊት መድረቅ አለበት። እርጥብ እንዳለ ከገባ የተነሰነሰው ፍሬ ይሟሟል ወይም ይረግፋል፤ ስኳሩም በክሩ ፈንታ ከዕቃው ሥር ይጋገራል። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሳይነቃነቅ ይቀመጥ።

ጨው በዚህ መንገድ አይሆንም። በ20 ዲግሪ 36 ግራም፣ በፈላ ውሃ 39 ግራም፤ ልዩነቱ ሦስት ግራም ብቻ ነው። ሲበርድ የሚወጣው ከቁጥር አይገባም። ውሃው ራሱ መትነን አለበት። የጠገበው፣ ማለትም ከዚህ በላይ ጨው ማሟሟት የማይችለው፣ የጨው ውሃ በሶፍት ተጠልሎ፣ ሰፋ ባለ ብርጭቆ ተደርጎ፣ አቧራ እንዳይገባ ወረቀት ጣል ይደረግበትና የሙቀቱ መጠን በማይለዋወጥበት ጥግ ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ በቀናት ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ጥላ ውስጥ ሳምንታት ቢፈጅም ማዕዘናቸው የተስተካከለ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ኩቦች ይወጣሉ። ያንን ስለት የመሰለ ጠርዝ ማንም አልቀረጸውም፤ ሶዲየሙና ክሎሪኑ በየተራ ሲደረደሩ የሚይዙት ቅርጽ ነው።

ፍጥነት የማያሳስብበት ሥራ ከተፈለገ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አለ። እዚያ የሚቆጠረው መጠኑ ብቻ ነው። 5 በመቶ አሲድ ያለው 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ በ7 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ያበቃል፤ 2 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ፊኛ በጠርሙስ አፍ ላይ ለመንፋት ግማሹ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚጨመረው ሶዳ ሥር ላይ ሳይሠራ ይቀራል። ጠርሙሱን በክዳን መዝጋት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ይፈነዳል።

ወደ ሊጡና ወደ ወተቱ ልመለስ። መድረቃቸውን በጣት መዳሰስ ያታልላል፤ ላዩ ደርቆ መሀሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው ሚዛን ነው። ዕቃው ጠዋትና ማታ ይመዘን፣ ቁጥሩም ከቀኑ ጋር ይጻፍ። ሁለት ተከታታይ ሚዛኖች እኩል ሲሆኑ ደርቋል፤ ቫርኒሽ የሚቀባውም ያኔ ነው። ቀደም ተብሎ ከተቀባ የቀረው ውሃ ከቫርኒሹ ሥር ታፍኖ ነጭ ደመና ይሠራል። የጨው ሊጥ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ጀርባውም፣ የቀዳዳው ውስጥም ሳይቀር ይቀባ፤ አንዴ ቀብቶ ማሳደር፣ በማግስቱ መድገም። ውሻ ባለበት ቤት ግን፣ ተቀባም አልተቀባም፣ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀል፤ በውስጡ ያለው ጨው ውሻን ሊገድል ይችላል።