አሜቢክስና የአምባሰል ቅኝት

የክረስት ፓንክ (ፓንክንና ሜታልን ያዋሃደ ሻካራ ሮክ) ሥር ሲቆፈር የእንግሊዙ ባንድ የዲስቻርጅ ስም ቶሎ ይመጣል። ክብደቱን የሰጠው ግን፣ በእኔ ሚዛን፣ አሜቢክስ የተባለው ባንድ ነው። ሮብ ሚለርና ወንድሙ ስቲግ እንግሊዝ ውስጥ ዴቨን ላይ በ1978 እ.ኤ.አ. ጀመሩት። በ1985 «አራይዝ!» የተባለውን አልበም፣ በ1987 «ሞኖሊት»ን አወጡና ተበተኑ። «ሶኒክ ማስ» የመጣው በ2011 ነው፤ ሮብ እስከዚያ ስኮትላንድ ውስጥ ስካይ ደሴት ገብቶ ሰይፍ ሠሪ ሆኗል።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጊታር ለያዘ ሰው ይህ ከባድና ጨለማ ድምፅ ባዕድ አይደለም፤ በቅኝቶቻችን ውስጥ አለ። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው (ቤሞል ድምፁን በግማሽ ዝቅ ያደርጋል)። ከዶ ወደ ሬ ቤሞል ያለችው ግማሽ ድምፅ ሜታል የሚኖርባት ናት። አንቺ ሆዬማ ዶን ከሶል ቤሞል ያላትማል፤ የባሰ ጨለማ!

ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው) ከበራ ሙሉ ኮርድ ይተዉ፣ ሦስተኛው ድምፅ ይደፈርሳል። መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ይምቱ፦ ለዶ አምስተኛው ክር ላይ 3ኛ ፍሬት፣ አራተኛው ክር ላይ 5ኛ ፍሬት። ሬ ቤሞልና ፋም እንዲሁ ይሠራሉ። ሶልና ላ ቤሞል ላይ ግን አምስተኛው ድምፅ ከቅኝቱ ስለሚወጣ ነጠላ ድምፅ ይበቃል።